ከጉሎ ዘይት ወደ ባትሪ፦ ናይትሮ ባጊዬን ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያደረግኩበት ጣጣ

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለችና "ማነው በእሁድ ምድር ምጣድ የሚያሟሸው?" አለች። ማንም ምጣድ አላሟሸም። እኔ ነበርኩ ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ ያቺን ባጊ፣ በሪሞት የምትነዳ መጫወቻ መኪናዬን፣ ለማስነሳት ገመድ እየጎተትኩ ክንዴ የዛለው። ሽታውን ግን አልተሳሳተችም፣ የጉሎ ሽታ ነው፣ ባጊዋ የምትጠጣው ነዳጅ አንድ አምስተኛው የጉሎ ዘይት ነበራ። ያን ቀን ነው እንግዲህ "በቃ ይቺን ነገር ኤሌክትሪክ አደርጋታለሁ" ያልኩት። ያልኩትና ያደረግኩት መሃል ግን ከአንድ አመት በላይ አለ፣ ያው እንደምታውቁኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባጊዋ 1 ለ 8 (የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ) የሚባለው ሳይዝ ናት፣ ኪዮሾ ኢንፈርኖ፣ የጃፓን ስራ። የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሆኖ አመታት ሲነዳት ኖሮ ልጅ ሲወልድ ጊዜ አጣና ታንኳን አጥቦ አድርቆ፣ ጎማዋን ፈቶ፣ ሻንጣ ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልኝ። መጫወቻ ስላልኩ ፒያሳ መስታወት ውስጥ የምትታየዋ እንዳትመስላችሁ፣ ከ3 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፣ ሻሲዋ አልሙኒየም ነው፣ አራቱም እግር ይጎትታል፣ ፊት መሃልና ኋላ ሶስት ዲፈረንሻል አላት፣ ሾኮቿ ውስጥ እውነተኛ ዘይት ነው ያለው። ሞተሯ 3.5 ሲሲ ነው፣ ፒስቶኗ ከአውራ ጣቴ ብትበልጥ ነው፣ ግን በደቂቃ ከ30 ሺህ ዙር በላይ ትሄዳለች። የትልቅ መኪና ሞተር 6 ሺህ ሲገባ ነው ሰው ጆሮውን የሚይዘው።

ችግሩ ነዳጁ ነው። ናይትሮ የሚሉት ነዳጅ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ድብልቅ ነው፣ አሜሪካ በጋሎን ይሸጣል፣ እዚህ ግን ፈልጌ አላገኘሁም፣ በፕሌን ደሞ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሰው ላይ ጭነህ አታስመጣውም። ስለዚህ የድሮ የሞዴል አውሮፕላን ሰዎች የሚጠቀሙባትን ቅመማ ያዝኩ፦ 80 በመቶ ሜታኖል 20 በመቶ የጉሎ ዘይት፣ ናይትሮሜቴን የሌለባት። ሜታኖሉን ከኬሚካል ሻጭ፣ ጉሎውን ከፋርማሲ። ፋርማሲዋ ልጅ ሁለተኛው ጊዜ ስመጣ "ሆድዎ አሁንም አልተሻለዎትም?" አለችኝ። (ቆይ አንድ ነገር፣ ሜታኖል አልኮል ነው ብላችሁ እንዳትቀልዱበት። ትንሹ አይን ያጠፋል፣ ከዛ በላይ ይገድላል። ሲነድ ደሞ በቀን ብርሃን እሳቱ አይታይም፣ እጅህ እየተቃጠለ ነው የምታውቀው። ህፃን ያለበት ቤት አታስቀምጡት።)

ቅመማዋ ትሰራለች፣ ግን ናይትሮሜቴን ስለሌላት ስራ ፈታ ስትቆም ቶሎ ቶሎ ትጠፋለች። በዛ ላይ አዲስ አበባ ነው ያለነው። ከባህር ወለል 2300፣ 2400 ሜትር ላይ። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሞተሯ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ባህር ዳርቻ ከምታገኘው ሶስት አራተኛውን አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ካርቡራቶሯን መፅሀፉ በሚለው ልክ ካስተካከልካት ነዳጅ ይበዛባታል፣ ጭሷን እየተፋች ትሞታለች። ጠበብ ታደርጋለህ፣ ትነሳለች፣ ደስ ይልሃል፣ ሁለት ዙር ትሄድና ትግላለች። ለመነሳት ደሞ እንደ መኪና ካንዴላ ብልጭታ የላትም፣ ካንዴላዋ ውስጥ ያለችውን ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ በ1.5 ቮልት ባትሪ አግለህ ነው፣ ከተነሳች በኋላ ሜታኖሉ ራሱ ሽቦዋን እንደጋለች ያቆያታል። ቆንጆ ሳይንስ ነው። ግን በሁለት አመት ውስጥ እሷን በማስነሳት ያጠፋሁትን ሰአትና በመንዳት ያሳለፍኩትን ብደምር እውነት ለመናገር መንዳቱ አንድ ሰአት አይሞላም።

2016 ላይ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከልና መንገዱ በአይዲ ፎርና በቢዋይዲ ሲሞላ ጎረቤታችን ጋሼ፣ አዲስ ኤሌክትሪኳን ግቢ ውስጥ ሽቦ ሰክተው እያጠገቧት፣ በአጥሩ በላይ አይተውኝ "አንተስ መቼ ነው የምትቀይረው? ሰፈሩን በጭስ የጨረስከው አንተ ብቻ ቀርተሃል" አሉኝ። ሳቅን፣ ግን ገባብኝ።

ዕቃውን ግን ወዲያው አላዘዝኩም። ዛሬ ነገ ስል ሐምሌ መጣና ብር ተንሳፈፈ፣ በጥቂት ወር ውስጥ የዶላሩ ዋጋ እጥፍ ሆኖ ቁጭ። መጓተቴ ያስከፈለኝን ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

ምን ገዛሁ? ሆቢዊንግ ኢዝረን ማክስ8 የሚባል ኢኤስሲ፣ ማለትም የሞተሩ መቆጣጠሪያ፣ 150 አምፒር፣ ከነሞተሩ፣ ሞተሩ 4274 ይላል፣ ወፍራሙ 42 ሚሊ ሜትር ርዝመቱ 74 እንደማለት ነው፣ 2200 ኬቪ። ይቺን ኬቪ የምትባል ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታታል፣ ኪሎ ቮልት አይደለችም፣ ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት ስንት ዙር ይሄዳል ማለት ነው። 4ኤስ ባትሪ (አራት ሴል ተከታትሎ የተያያዘበት) 14.8 ቮልት ነው፣ በ2200 ስታባዛው 32,560 ዙር። አያችሁ? ናይትሮ ሞተሯ ከምትሄድበት ጋር አንድ ሰፈር ነው። ለዛ ነው ይሄንን የመረጥኩት፣ የመኪናዋን ጥርሶች ሳልነካ ሞተሩን ብቻ ልቀይር። ትልቅ ኬቪ ገዝቶ "ትበራለች" ብሎ ከዛ ሞተሩን የጠበሰ ልጅ አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ይሄን ሲያነብ ራሱን ያውቃል።

ለሂሳብ ወዳጆች፦ ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ጥርስ (የጥርስ ጎማ ማለቴ ነው) 13 ጥርስ አላት፣ መሃል ዲፈረንሻል ላይ ያለችው ትልቋ 46፣ ከዛ ፊትና ኋላ ያሉት ደሞ 43 በ10። ሲካፈል ሲባዛ ሞተሩ 15 ጊዜ ከምናምን ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። የጎማው ዲያሜትር 11 ሳንቲም ተኩል ስለሆነ በሰአት 46 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ወረቀት ላይ ነው እንግዲህ፣ ያለ አየር ያለ አፈር። ለኔ ይበቃኛል፣ የሰፈራችን መንገድ ራሱ 46 አያስሄድም።

ከዛ ማፍረስ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አንድ በአንድ አወጣሁ፦ ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ)፣ ፒስቶን ከነሞተሩ፣ ታንክ ከነቱቦው። ተደርድረው ሳያቸው ምን ገረመኝ መሰላችሁ፣ ከመኪናዋ የወጣው አብዛኛው የጣሊያን ስም ነው፣ የሚገባው ደሞ በሙሉ የእንግሊዝ። ብራሽለስ፣ ኢኤስሲ፣ ሊፖ፣ ኮኔክተር። አባዬ፣ ድሮ ጋራዥ የሰራ ሰው ነው፣ የሚወጣውን አንድ በአንድ በስሙ እየጠራ አገላብጦ አየው፣ የሚገባውን ሲያይ ግን "ይሄ ምኑ ነው የሚፈታው?" ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፣ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ማግኔት፣ ዙሪያውን መዳብ ሽቦ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ አለቀ።

የሚገርመው እኔ የፈራሁት ኤሌክትሪኩን ነበር። ኤሌክትሪኩ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። ሶስት ሳምንት የበላኝ አንድ ቁራጭ ብረት ነው፣ ሞተሩ የሚታሰርባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናይትሮ ሞተር ሻሲው ላይ በእግሮቹ ይቀመጣል፣ ብሎኖቹ ከስር ይገባሉ። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን እግር የለውም፣ ቆርቆሮ ጣሳ በሉት፣ የሚታሰረው በግንባሩ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግንባሩን የሚይዝ ግድግዳና ሻሲው ላይ የሚተኛ መሰረት ያስፈልጋል፣ ማለትም ማዕዘን። ይሄ ማዕዘን ተዘጋጅቶ በኢንተርኔት ይሸጣል፣ ግን ከመላኪያው ጋር ሲደመር አልዋጥልህ አለኝ። "አልሙኒየም ማዕዘን ብርቅ ነው እንዴ አዲስ አበባ?" ብዬ በርና መስኮት ከሚሰሩ ልጆች ቁራጭ ለመንኩ፣ በነፃ ሰጡኝ፣ በትራፓኖ በሳሁት፣ በሞረድ አስተካከልኩት፣ ገጠምኩት፣ ያምራል፣ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት።

የመስኮት አልሙኒየም ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። ጋዝ ስነካ ግድግዳው እንደ ወረቀት ተለመጠ፣ ሁለቱ ጥርሶች ተላቀቁና አንዱ በአንዱ ራስ ላይ እየዘለለ "ቅርርርርር" የሚል ድምፅ፣ የሰው ጥርስ ያፋጫል። ሁለት ሰከንድ ብትሆን ነው። ትንሿ ጥርስ ስትወጣ ጫፏ እንደ አሮጌ መጋዝ ተበልታለች። ይሄ ሞተር እኮ ናይትሮ አይደለም፣ ናይትሮ ፍሪሲዮን አለው፣ ቀስ እያለ ነው የሚይዘው፣ ይሄኛው ጋዝ ከመነካቱ ከዜሮ ሙሉ ጉልበቱን ነው የሚለቀው።

በነጋታው ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እዛ የሌለ ነገር የለም፣ ትዕግስት ብቻ ይዘህ ሂድ። ከተቆራረጠ ማሽን ላይ የወጣ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ማዕዘን፣ መዳፍ የምታክል፣ በሁለተኛው ሰአት አገኘሁ። ሻጩ በኪሎ ሊመዝናት ሲል ሚዛኑ አልቆጠራትም፣ ሳቀና የሻይ ሰጥቼው ወሰድኳት። ከዛ ቶርኖ ቤት። ያሉት ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነፅራቸውን በገመድ አንጠልጥለዋል፣ ማዕዘኗንና ሞተሩን ይዤ ገባሁ።

"የምን ማሽን ነው?"

"የመጫወቻ መኪና ነው ጋሼ።"

"ልጅህ ስንት አመቱ ነው?"

"ልጅ የለኝም፣ የራሴ ነው።"

ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዛ ሞተሩን ከእጄ ወስደው ዘንጉን በጣታቸው አዞሩት፣ ማግኔቱ ክክክ እያለ ሲይዛቸው ግንባራቸው ተፈታ። ከዛ በኋላ እሳቸው ናቸው የያዙት፣ እኔ ተመልካች ሆንኩ። የሳልኩላቸውን ወረቀት በካሊፐር ለክተው "ይሄ ስህተት ነው" አሉኝ፣ በአንድ ሚሊ ስቼ ነበር። "ደሞ ክብ ቀዳዳ ምን ያደርግልሃል? አንዴ ከበሳኸው አለቀልህ። ረዘም አድርገን እንብሳው፣ ሞተርህን ወዲያ ወዲህ እያልክ ታስተካክለዋለህ። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ትንሽ ትንፋሽ ይፈልጋል።" አደረጉት። መሃሉን ለሞተሩ አንገት ክብ በቶርኖ አወጡት፣ ጠርዙን ሁሉ ገፈፉልኝ፣ የተጠየቅኩትን ስሰጥ ግማሹን መለሱና "ሲሰራ አምጥተህ አሳየኝ" አሉ።

ያቺን ትንፋሽ የምትባለዋን እንዴት ትለካታለህ? ከደብተር ወረቀት አንድ ቀጭን ቁራጭ ትቀድና ሁለቱ ጥርሶች መሃል አስገብተህ ሞተሩን ገፋ አድርገህ ታጠብቀዋለህ፣ ከዛ በእጅህ አዙረህ ወረቀቱን ታወጣዋለህ። ወረቀቱ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ከወጣ ልክ ነው፣ ከተቀደደ ጠብቋል፣ ምንም ምልክት ከሌለው ላልቷል። ከዛ ትልቋን ጥርስ ሙሉ ዙር እያዞርክ ሶስት አራት ቦታ ላይ ፈትሽ፣ ጥርስ ሁሌ ፍፁም ክብ አይደለም። እኔ አምስተኛው ወረቀት ላይ ነው ያገኘኋት፣ ደብተሩ የትንሹ ወንድሜ የሂሳብ ደብተር ነበር ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሻሲው ላይ ደሞ ቮላኖው ወደታች የሚወጣበት ረዥም ቀዳዳ አለ፣ ናይትሮን በስታርተር ቦክስ ከስር የሚያስነሱባት። አሁን ስራ ፈት ናት፣ ክፍት ከተውካት ግን ጠጠር በሷ ገብቶ በቀጥታ ጥርሱ ላይ ነው የሚያርፈው። በላሜራ ቁራጭ ከውስጥ ዘጋኋት። ታንኩና የጋዙ ሰርቮ (ካርቡራቶሩን የሚከፍት የሚዘጋው ትንሽ ሞተር) የነበሩበት ቦታ ላይ የባትሪ መደብ ሰራሁ፣ እሱም ላሜራ፣ ከስሩ ስፖንጅ፣ ከላይ እንደ ልጆች ጫማ ቸርርር እያለ የሚላቀቅ ማሰሪያ ሁለት። ባትሪው ግማሽ ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ዝም ብለህ የምታስቀምጠው ነገር አይደለም፣ መኪናዋ ስትገለበጥ እሱ መጀመሪያ ነው የሚወጣው።

ሽቦው። ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ እንደ እርሳስ ወፍራም ነው፣ የቤቴ 40 ዋት ካውያ ሶልደሩን ላዩ ላይ እንደ አይብ አንከባለለው እንጂ አላቀለጠውም፣ መዳቡ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ላዩ የተለጠፈ የሚመስል ውስጡ ያልያዘ ሶልደር ደሞ ከሁሉ የከፋው ነው፣ 100 አምፒር ሲያልፍበት ግሎ ይቀልጣል። አምፕሊፋየር የሚጠግን ልጅ ጋር ሄጄ 100 ዋቷን ካውያ ተውሼ በሁለት ደቂቃ ጨረስኩ። ኮኔክተሩ ኤክስቲ90 ነው። ቀይ ከፕላስ ጥቁር ከማይነስ፣ ይሄን ሶስት ጊዜ እዩት፣ አንዴ ገልብጠህ ከሰካኸው ኢኤስሲው ያቃጠልከውን ብር በጭስ መልክ ያሳይሃል። ልክ ሆኖ ሲሰካም "ጧ" ብሎ ይበልጫል፣ ኢኤስሲው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሲሞሉ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ወንድሜ ግን በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

ሞተሩ ሶስት ሽቦ አለው። "የትኛው ከየትኛው ነው?" ብላችሁ እንዳትጨነቁ፣ እንደመጣ ስካው፣ ወደ ኋላ ከዞረ ሁለቱን አቀያይር፣ የፈለግከውን ሁለት፣ አለቀ። ከዛ ኢኤስሲውን ከሪሞቱ ጋር ማስተዋወቅ፣ መሃል፣ ሙሉ ጋዝ፣ ሙሉ ፍሬን፣ በየተራ ቢፕ ይላል። ለሰርቮና ለሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት ለሚቀበለው) የሚሆን መብራትም ኢኤስሲው ራሱ ስለሚሰጥ የድሮዋ ትንሽ ባትሪ ወጣች። እዚህ ጋ ግን ልብ በሉ፣ 6 ወይ 7.4 ቮልት አድርገህ መምረጥ ትችላለህ፣ የኔ መሪ ሰርቮ የድሮ ስለሆነ 6 ላይ ተውኩት። ፍሬኑንም ለኢኤስሲው ሰጠሁት፣ የዲስክ ፍሬኑን አወጣሁት። አንዳንዶች ዲስኩን ያስቀሩታል ሞተሩ እንዳይግል፣ እኔ ውድድር የለብኝም።

ባትሪው ነው ሌላው ታሪክ። ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር፣ 4ኤስ፣ 5000 ሚሊ አምፒር አወር። ዱባይ የምትሰራ የሰፈራችን ልጅ እንድታመጣልኝ ስጠይቃት "ፈንጂ ነው አሉ" ብላ እምቢ አለችኝ። ሂሳቡን ሰርቼ ላኩላት፦ 14.8 ሲባዛ 5 እኩል ይሆናል 74 ዋት አወር፣ ከ100 በታች ነው፣ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ግን ፈፅሞ አይገባም። ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ለብቻው ከረጢት ውስጥ። አየር መንገዷን ራሷ ጠይቃ ስታረጋግጥ ነው ያመጣችልኝ፣ ጥሩ አደረገች። ዘመድ የምታስቸግሩ ከሆነ ይሄን ነገር አስቀድማችሁ አስረዱ፣ ኤርፖርት ላይ የሚዋረደው እሱ ነው እናንተ አይደላችሁም።

ቤት ስትሞሉት ደሞ፣ ሴሎቹን አንድ በአንድ የሚያመጣጥን ቻርጀር፣ በ5 አምፒር፣ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ሲደርስ ይቆማል። እኔ ሲሚንቶ ላይ የእማዬ አሮጌ ብረት ድስት ውስጥ ክዳኑን ሳልከድን ነው የምሞላው፣ ከአጠገቡም አልሄድም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ምንም አይሆንም፣ ግን ሲመጣ ቻርጀሩ በራሱ አይቀጥልም፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ሞላ ብዬ ስጠብቅ ውዬ ግማሽ ላይ አገኘሁት። ሳትነዱ የምታቆዩት ከሆነ እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ፣ ሞልቶ የከረመ ሊፖ ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ካያችሁ አታዝኑለት፣ አውጡት።

የመጀመሪያው ቀን እሁድ ጠዋት ነው፣ ሰው ቤተክርስቲያን ሲሄድ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ገና ያልታጠረ ሜዳ። ባትሪውን ሰካሁ፣ ጧ፣ ቢፕ ቢፕ፣ ጋዝ ነካሁ፣ ሄደች። በቃ። ገመድ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ማግለል የለ፣ ሄደች! ለሁለት አመት እንደዛ ተንበርክኬ ስለምናት የኖርኩት መኪና ጣቴን ሳነሳ ቆመች ጣቴን ስጭን ሄደች። እውነት ለመናገር ለአፍታ ተናደድኩ።

አራት ደቂቃ ሳትሞላ ሞተሩ "ዊይይይይ" እያለ መኪናዋ ቆመች። ጎማው አይዞርም። ትንሿ ጥርስ ዘንጉ ላይ ላልታ ለብቻዋ ትዞራለች፣ የያዘቻት ብሎን ሜዳ ላይ ወድቃለች፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ብሎን ሳር ውስጥ ፈልጉ እስቲ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሎክታይት የሚባለውን የብሎን ማጣበቂያ አላደረግኩም፣ ሰማያዊውን። አሁን ዘንጉንም ብሎኗንም በአልኮል አጥቤ ዘይቱን አስለቅቄ፣ ብሎኗን በዘንጉ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አሳርፌ፣ አንድ ጠብታ ሎክታይት አድርጌ አሳድሬዋለሁ፣ ከዛ ወዲህ አልተንቀሳቀሰችም።

ሁለተኛው ነገር ፊት ጎማዎቹ ናቸው። ጋዝ ስትሰጣት ፊቷ ቀለል ይልና ፊት ጎማዎቹ አየር ላይ እንደ ፊኛ እያበጡ ይሽከረከራሉ፣ ኋላዎቹ ምንም አያገኙም። መሃል ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ሲሊኮን ዘይት ለናይትሮ ጉልበት የተመረጠ ስለሆነ ቀጥኖባት ነው፣ 5 ሺህ የሚለውን አውጥቼ 10 ሺህ የሚለውን ሞላሁ፣ ማር ነው የሚመስለው። ከዛ በኋላ አራቱም አንድ ላይ ይነክሳሉ።

ሙቀት ለመለካት የኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የምትደገነዋን ቴርሞሜትር ሞተሩ ላይ ደገንኩ። "ሃይ" የሚል ፅሁፍ አወጣችልኝ፣ ሰላም ያለችኝ መስሎኝ ሳቅኩ፣ ለካ ከ42 ዲግሪ በላይ መቁጠር አትችልም፣ በሷ ቤት ሞተሬ ሞቷል። በጣቴ ነው አሁን የምለካው፣ ሶስት ሰከንድ ማስቀመጥ ካልቻልኩ ታርፋለች። ከፍታችን ሞተሩን ኦክስጅን ባያስፈልገውም ማቀዝቀዙ ላይ ትንሽ ይጎዳዋል፣ የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ ጠርጎ አይወስድም፣ ትንሿን ፋን አትናቋት። በአንድ ቻርጅ 15፣ 20 ደቂቃ እነዳለሁ፣ ናይትሮዋ በአንድ ታንክ ቢበዛ አስር ነበር፣ ያውም ከተነሳች።

ድምፁስ ካላችሁኝ፣ አዎ ቀርቷል። ያ ሰፈር የሚሰማው "ዛዛዛዛአአ" የለም፣ አሁን ጠጠሩ ሻሲውን ሲመታ ነው የምሰማው። የሰፈር ልጆች ድሮ ድምፁን ሰምተው ነበር የሚሰበሰቡት፣ አሁን እየሄድኩ ልጠራቸው ነው የሚቀረኝ። ውድድር የሚሄዱ ሰዎች ናይትሮን የሚወዱት ሞኝ ሆነው አይደለም፣ ነዳጅ እንደልብ ባለበት አገር ብሆን ምናልባት አልቀይራትም ነበር። ግን ነዳጁን ከፋርማሲ በጠርሙስ እየገዛሁ ናይትሮ ነኝ ማለትም ያው ነው።

ቶርኖ ቤት ወስጄ አሳየኋቸው ጋሼን። ሪሞቱን ከእጄ ተቀብለው ከበሩ እስከ መንገዱ ነዷት፣ ከሚጠበስ በቆሎ ጋ አጋጯት፣ ሴትየዋ ጮኸችባቸው፣ ሪሞቱን ቶሎ ብለው መልሰው ሰጡኝና ወደ ማሽናቸው ዞሩ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ የጠየቅኩት።

የድሮውን ሞተር አልሸጥኩትም። ዝገት እንዳይበላው አጥቤ በጉሎ ዘይት ነክሬ በቡና ጣሳ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ አባዬ አንዳንዴ አውጥቶ ቮላኖውን በጣቱ ያዞረዋል። ከፋርማሲ ከገዛሁት ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ተርፎ ነበር፣ እማዬ ለፀጉሯ ወሰደችው።